የወረዳን ደጅ ከመጥናት በፊት፦ ከከተማ አስተዳደሩ ድጋፍ ለመጠቀም የሚያዋጣው ቅደም ተከተል

አዲስ አበባ ውስጥ የራሱን ሥራ ለመጀመር ቆርጦ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድመው ጥያቄ «ብድር አለ ወይ?» የሚል ነው። አይፈረድበትም፤ እጁ ባዶ የሆነ ሰው ስለ ገንዘብ ባይጠይቅ ነው የሚገርመው። ይሁንና ከተማ አስተዳደሩ ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ከሚሰጣቸው ድጋፎች መካከል መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበት ብድሩ ነው። ገዢ ሳይታወቅ፣ መሥሪያ ቦታ ሳይያዝ፣ አብሮ የሚሠራው ሰው ሳይፈተን የተወሰደ ብድር ወለዱ ወዲያው መቁጠር ይጀምራል፤ ሥራው ግን ወራት ይዘገያል። በዚህ መሃል ገንዘቡ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ያልቃል። በዕዳ የተያዙ ብዙ ጎበዝ ባለሙያዎች አሉ፤ የጎዳቸው የሙያ ማነስ ሳይሆን የቅደም ተከተሉ መገልበጥ ነው።

እዚህ የማቀርበው አካሄድ ገዢን አስቀድሞ ብድርን ያስከትላል። የተጻፈው አዲስ አበባን አስቦ ነው። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁም የቢሮዎቹ ስምና አንዳንድ መመሪያዎች ይለያዩባችሁ ይሆናል እንጂ መንገዱ ተቀራራቢ ነው፤ ሁሉም የተቀዳው በ1990 ዓ.ም. ወጥቶ በ2003 ዓ.ም. ከተሻሻለው አገር አቀፍ የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ልማት ስትራቴጂ ነውና።

1ኛ ደረጃ፦ ከመመዝገባችሁ በፊት ገዢ ፈልጉ

ስትራቴጂው የሚደግፋቸው ሥራዎች በአምስት ዘርፍ ይመደባሉ፦ ማኑፋክቸሪንግ፣ ኮንስትራክሽን፣ ከተማ ግብርና፣ አገልግሎትና ንግድ። ወረዳ ስትሄዱ ከነዚህ ውስጥ ዘንድሮ ትኩረት የተሰጠው የትኛው እንደሆነ ይነገራችኋል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። አደራጁ ባለሙያ ዕቅድ አለበት፤ ሪፖርቱ የሚቆጥረው ስንት ሰው እንደተደራጀ ነው። እናንተን ከዓመት በኋላ የሚጠይቃችሁ ግን ስንት እንደሸጣችሁ ነው። ዶሮ አርብታችሁ ካላወቃችሁ፣ ቦታው በዶሮ እርባታ ስለተገኘ ብቻ አትግቡበት።

አንድ ደብተር ያዙና በሰፈራችሁ ዙሩ። ብረታ ብረት የምትሠሩ ከሆነ አዲስ ሰው እየገባባቸው ያሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን፣ በግንባታ ላይ ያሉ ቤቶችን፣ በራቸው የተበላሸ ሱቆችን እዩ። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ይፈልጋል፣ አሁን ከማን ይገዛል፣ በስንት። «ብትሠሩ እገዛችኋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እሱን አትቁጠሩ። ዛሬ ገንዘብ እየከፈለ ያለውን ቁጠሩ። ይህ ደብተር ኋላ ለሚጠየቀው የንግድ ሥራ ዕቅድ ዋና ግብዓት ይሆናችኋል፤ ቅጹን ለመሙላት ከጎረቤት ኢንተርፕራይዝ ዕቅድ መቅዳትም አያስፈልጋችሁም።

2ኛ ደረጃ፦ ሰው ምረጡ፣ ከዚያ ደንብ ጻፉ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በማህበር ሥራ ግን ሎሚውን የሚሸከሙት ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ነው ጠቡ የሚጀምረው። ብዙ ማህበራት የሚፈርሱት በኪሳራ አይደለም፤ ገንዘብ መግባት በጀመረበት ሰሞን ነው። ቁጥር ለማሟላት የአክስት ልጅ ይመዘገባል፤ እሱ ሥራ ላይ አይታይም፤ ትርፍ ሲከፋፈል ግን ድርሻ አለው።

ስለዚህ ከመደራጀታችሁ በፊት አንድ ትንሽ ሥራ አብራችሁ ሥሩ። የአንድ ቤት መስኮት ይሁን የአንድ ሠርግ እንጀራ፣ ተቀበሉ፣ ግዙ፣ ሥሩ፣ አስረክቡ፣ ገንዘቡን ተካፈሉ። ማን አርፍዶ እንደመጣ፣ ማን ሒሳብ እንዳድበሰበሰ፣ ማን ደንበኛ ፊት እንደተቆጣ በአንዲት ሥራ ይታያል። በስልጠና የሚሰጥ የምስክር ወረቀት ይህን አያሳያችሁም።

የመተዳደሪያ ደንቡ ናሙና ወረዳው ጋ ይገኛል። እንዳለ ገልብጣችሁ አትፈርሙበት፤ ናሙናው ስለ ስብሰባና ስለ ሊቀመንበር ብዙ ይላል፤ ስለሚያጣላችሁ ጉዳይ ግን ትንሽ ነው የሚለው። ቢያንስ እነዚህን ተቀምጣችሁ ተነጋገሩና በራሳችሁ ቃል አስገቡ። ሥራ የገባና የቀረ አባል ክፍያው እንዴት ይለያል? ማሽን ይዞ የመጣ አባል ማሽኑ የማህበሩ ሆነ ወይስ ተከራየ? የወለደች አባል ስንት ወር ትቆያለች፣ ድርሻዋስ እንዴት ይታሰባል? አንዷ አባል ዐረብ አገር ሥራ አግኝታ ብትሄድ ድርሻዋን ማን ይገዛል፣ በምን ግምት? ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት የስንት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል? የመጨረሻውን ጥያቄ አትለፉት። ሦስት ፈራሚ አስመዝግቡ፣ ሁለቱ ሲፈርሙ ይውጣ፤ ገንዘብ ያዡና ሊቀመንበሩ የሥጋ ዘመድ አይሁኑ።

3ኛ ደረጃ፦ የማህበሩን ዓይነት አውቃችሁ ፈርሙ

ምዝገባው ራሱ ከባድ አይደለም። የነዋሪነት መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ የሥራ ፈላጊነት ምዝገባ፣ የአባላት ቃለ ጉባኤና ደንቡ ተይዞ ወረዳው አንድ ማዕከል ይኬዳል፤ ቀጥሎ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ንግድ ምዝገባና ንግድ ፈቃድ ይወጣል። የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቁ ሥራዎች አሉ፤ ምግብ ነክ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰው ሳያነብ የሚፈርመው ግን እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ብዙ ቡድኖች «የኅብረት ሽርክና ማህበር» ሆነው ይመዘገባሉ። በሕጉ የዚህ ዓይነት ማህበር አባላት ለማህበሩ ዕዳ በግል ንብረታቸው ጭምር፣ በአንድነትም በተናጠልም ተጠያቂ ናቸው። ሲተረጎም፦ ማህበሩ 200,000 ብር ቢበደርና አምስት ከሆናችሁት አራቱ ቢጠፉ፣ አበዳሪው አምስተኛውን ሰው ስለ 40,000 ብር ሳይሆን ስለ 200,000 ብሩ ሊጠይቀው ይችላል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ግን አባሉን በመርህ ደረጃ ካዋጣው ድርሻ በላይ አያስጠይቀውም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማህበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ የ1952ቱ ሕግ ይህን አይፈቅድም ነበር። እርግጥ የራሱ ወጪና የሒሳብ አያያዝ ግዴታ አለው፤ ለሁሉም አይሆንም። ቢሆንም የግል ቤት ወይም መኪና ያለው አባል ካላችሁ፣ ልዩነቱን በግልጽ ንገሩት። ሳያውቅ የፈረመ ሰው በኋላ የሚያዝነው በመንግሥት ላይ አይደለም፤ በእናንተ ላይ ነው።

4ኛ ደረጃ፦ ሼዱን በዓይናችሁ እዩ

በእኔ እምነት ከተማ አስተዳደሩ ለአንድ ጀማሪ ከሚሰጠው ሁሉ ትልቁ ሼድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የግለሰብ ቤት ኪራይ ከፍሎ፣ አናጢነት ወይም ብረታ ብረት ሠርቶ፣ ተርፎት ማሽን የሚገዛ ሰው ማግኘት ይከብዳል። በአነስተኛ ኪራይ የሚሰጠው ቦታ በዓመት ውስጥ የሚያድነው ገንዘብ ወለድ የሌለው ብድር ማለት ነው። ወረፋው የሚረዝመውም ለዚህ ነው። ለማኑፋክቸሪንግ ቅድሚያ ስለሚሰጥ ሥራችሁ ማምረት ከሆነ ይህን በዕቅዳችሁ ጉልህ አድርጉ።

ተራችሁ ሲደርስ ደስታው ውል ላይ በፍጥነት እንዳያስፈርማችሁ። ቦታውን ሄዳችሁ እዩ፤ ከመካከላችሁ ማሽን የሚያውቀው ሰው አይቅር። መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ሂዱ፦ ስሪ ፌዝ ነው ወይስ ሲንግል ፌዝ? የእንጨት መላጊያም ሆነ ትልቅ ብየዳ ማሽን ስሪ ፌዝ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቆጣሪ ለማስቀየር ደግሞ ወራት የሚወስድበት ጊዜ አለ። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የቀድሞ ተጠቃሚ ያልከፈለው ሒሳብ እንዳለበት ጠይቁ። ቀጥሎ ፎቁ። ከተማው መሬት ቆጥቦ በሠራቸው ባለ ፎቅ ሕንፃዎች ላይ ልብስ ስፌትና ሽመና ይመቻል፤ ስድስት ሜትር ቱቦላሬ ብረት በደረጃ ማዞሪያ ላይ ለማሳለፍ ግን ሞክሩና እዩት። ላይ ቤት ያለ የብረት መቁረጫ ድምፅ ከታች ላሉት የሚያስከትለው ጭቅጭቅም አለ። የምግብ ሥራ ከሆነ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጎረቤቶችን ጠይቁ፤ የፍሳሽ ማስወገጃውን ክዳን አስነስታችሁ ተመልከቱ። የማይሆን ቦታ ከሆነ ምክንያቱን በደብዳቤ ጽፋችሁ እንዲቀየርላችሁ ጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ቅሬታ ባለሙያው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ውሉ ላይ ሁለት ነገር አስምሩ። አንደኛው፣ ሼዱን ለሌላ ሰው ማከራየት ወይም ማስተላለፍ ክልክል ነው። ሥራ ቀዝቅዞባችሁ ለሦስት ወር ብቻ ብላችሁ ብታከራዩት እንኳ ቦታውን ታጣላችሁ፤ መነጠቁም ተገቢ ነው፤ ከበር ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ አለ። ሁለተኛው ጊዜው ነው። በተለመደው አሠራር የሼድ አገልግሎት እስከ አምስት ዓመት ነው። ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ መውጫችሁን አስቡ። በየወሩ ገበያው ላይ ልትከፍሉት የነበረውን ኪራይ ገምቱና ከሼዱ ኪራይ ጋር ያለውን ልዩነት፣ ሙሉውን ባይሆን ግማሹን፣ በማህበሩ ስም አስቀምጡ።

5ኛ ደረጃ፦ አሰልጣኙን ወደ ሼዱ አምጡት

ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚመደቡ አሰልጣኞች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት ይሰጣሉ። አራት ነገሮችን ይይዛል፦ ሥራ ፈጠራ፣ ቴክኒክ ክህሎት፣ ቴክኖሎጂና ካይዘን (ብክነትን የሚቀንስ የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ)። በነፃ ነው። አዳራሽ ውስጥ ከሚሰጠው ስልጠና ይልቅ አሰልጣኙ ማሽናችሁ አጠገብ ቆሞ የሚያሳያችሁ ይበልጣልና ቀን ቆርጣችሁ ጥሩት፤ ሲመጣም «የምናባክነው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አምስቱ የካይዘን ማዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የሚቀሩባቸው ሼዶች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያዋን ብቻ በደንብ ብትሠሩ፣ ማለትም የማይፈለገውን ቁርጥራጭ አውጥታችሁ ብትሸጡ፣ ለአንድ ተጨማሪ ሠራተኛ የሚሆን ቦታ ይወጣችኋል።

6ኛ ደረጃ፦ የገበያ ትስስርን በሒሳብ ተቀበሉ

ከተማ ትልቅ ገዢ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲጀመር ብሎኬት፣ ቢም፣ በርና መስኮት ያቀርቡ የነበሩት የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ቀጥሎ ኮብልስቶን መጣ፤ ድንጋይ መፍለጥና መጥረብ፣ ማንጠፍ የብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ሆነ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ በተደራጁ እናቶች እጅ ይሠራል። አንድ ከተማ ለሥራ ፈጠራ ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ከራሱ ነዋሪ መግዛት።

ሌላውም ገጽታ ከዚሁ ታሪክ ይታያል። ከቤቶች ግንባታ ውጭ ደንበኛ ያልነበራቸው የብሎኬት አምራቾች ግንባታው ሲቀዘቅዝ ማሽናቸው ቆመ። በተመሳሳይ ጊዜ ለግለሰብ ቤት ሠሪዎችም ይሸጡ የነበሩት ተረፉ። ስለዚህ የመንግሥት ትስስር ስታገኙ ተቀበሉ፤ በ1ኛው ደረጃ ደብተር ላይ የጻፋችኋቸውን ደንበኞች ግን ስልካቸውን አንሱ፣ ሥራቸውን አታሳድሩ። ከሽያጫችሁ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከአንድ ገዢ የሚመጣ ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት ዋና ሥራችሁ ሌላ ገዢ መፈለግ ነው።

ጨረታ ላይ የሚደረግ ልዩ አስተያየትም አለ። የፌዴራሉ የግዥ መመሪያ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የ3 በመቶ የዋጋ ብልጫ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከባንክ ዋስትና ይልቅ ያደራጃቸው አካል የሚጽፈው የዋስትና ደብዳቤም ተቀባይነት ነበረው። የጨረታ ሰነድ ስትገዙ ይህ አንቀጽ መኖሩን ፈልጉ፤ ከሌለም ግዥ ክፍሉን በጽሑፍ ጠይቁ።

ነገር ግን ጨረታ ማሸነፍና መቻል የተለያዩ ናቸው። አንድ ምሳሌ ልሥራ። ልብስ ስፌት ላይ ያላችሁ ስድስት ሰዎች 400 የደንብ ልብስ፣ እያንዳንዱን በ900 ብር ለማቅረብ ውል ያዛችሁ እንበል። ጠቅላላው 360,000 ብር ነው፤ ሲሰሙት ደስ ይላል። ጨርቁ፣ ክሩ፣ ቁልፉና ዚፑ ለአንዱ ልብስ 550 ብር ከፈጀ 220,000 ብር ያስፈልጋል። የእጅ ዋጋ ለአንዱ 150 ብር ቢታሰብ 60,000 ብር ነው። በድምሩ 280,000 ብር ከእናንተ ኪስ ወጥቶ ነው ልብሱ የሚረከበው። ገዢው መሥሪያ ቤት 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ከፈቀደ 108,000 ብር ታገኛላችሁ፤ 172,000 ብር ይጎድላል። ለመሥራት አንድ ወር ተኩል፣ ርክክቡና ክፍያው ሁለት ወር ቢወስድ፣ ያንን ጉድለት ተሸክማችሁ ሦስት ወር ተኩል ትቆያላችሁ። 80,000 ብር ትርፍ በወረቀት ላይ አለ፤ ጨርቅ ሻጩ ግን ወረቀት አይቀበልም።

ይህን ስሌት ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሥሩት። ካልቻላችሁ 400ውን ትታችሁ 150 ጠይቁ፣ ወይም ከሌላ ስፌት ማህበር ጋር ተከፋፈሉት። ከአቅም በላይ ውል ወስዶ ያላስረከበ ማህበር ስሙ ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትስስር እሱን ያልፈዋል።

ዋጋቸው በተማሪ ተቆርጦ ለሚሰጣቸው የምገባ እናቶችም ስሌቱ ያው ነው። ሽንኩርትና ዘይት ሲወደድ ክፍያው አብሮ አይጨምርም። የየሳምንቱን የግዢ ዋጋ መዝግበው የያዙ እናቶች የዋጋ ማስተካከያ ሲጠይቁ የሚያሳዩት ነገር አላቸው፤ ያልመዘገቡት አቤቱታ ብቻ ነው ያላቸው።

እሁድ ገበያና የበዓል ባዛር ለጥሬ ገንዘብ ጥሩ ናቸው። ዕለቱን ሽጣችሁ ዕለቱን ትይዛላችሁ። ከሽያጩ ባልተናነሰ የሚጠቅመው ግን የገዢውን ስልክ መቀበል ነው።

7ኛ ደረጃ፦ አሁን ስለ ብድር እናውራ

እዚህ ስትደርሱ ብድር የምትጠይቁት «ሥራ ለመጀመር» አይደለም፤ በምሳሌው እንዳየነው ለ172,000 ብር ጉድለት ነው። መጠኑንም፣ የሚመለስበትን ቀንም ታውቁታላችሁ። በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ ብድርና ቁጠባ ተቋም በየአካባቢው ቅርንጫፍ አለው። በኢንተርፕራይዞች ብድር የተለመደው 20 ለ80 ነው፦ ተበዳሪው 20 በመቶውን ቀድሞ ይቆጥባል፣ ተቋሙ 80 በመቶውን ያበድራል። ቁጠባው በብድሩ መጠን ላይ ተሰልቶ ከተጠየቃችሁ ለ172,000 ብር 34,400 ብር ማለት ነው። ስለዚህ ቁጠባውን ሥራ ስትጀምሩ ጀምሩት፤ ብድር ያስፈለገ ዕለት ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ ቅድመ ቁጠባ የሚሞላ ሰው ገና ሳይበደር ከስሯል።

ማሽን መግዛት ከሆነ ፍላጎታችሁ ጥሬ ብድር ከመውሰዳችሁ በፊት የካፒታል ዕቃ ሊዝን ጠይቁ። በሊዝ አከራዩ ድርጅት ማሽኑን ገዝቶ ይሰጣችኋል፣ እናንተ በየወሩ ትከፍላላችሁ፣ ጨርሳችሁ ስትከፍሉ የእናንተ ይሆናል። ማሽኑ ራሱ ዋስትና ስለሚሆን ቤት ያለው ዋስ ፍለጋ መንከራተት ይቀንሳል። ጉዳቱም አለ፦ የመረጣችሁትን ማሽን ቀይሩ ማለት ከባድ ነው። ፕሮፎርማ ከመስጠታችሁ በፊት ያንኑ ሞዴል የሚሠራበትን ቤት ፈልጉና መለዋወጫ ከየት እንደሚያገኝ ጠይቁት።

ወረዳው ብድሩ ሲለቀቅ ሊከታተላችሁ ይመጣል። ደብተራችሁ ክፍት ይሁን። ችግር ከገጠማችሁ የመክፈያ ቀን ከማለፉ በፊት ሄዳችሁ ንገሩ፤ የመክፈያ ጊዜ ማራዘም የሚታሰበው ቀድሞ ለቀረበ ሰው ነው።

8ኛ ደረጃ፦ ለሽግግር ተዘጋጁ

በ2003ቱ ስትራቴጂ እስከ 5 ሠራተኛ ያለው ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ያለው አነስተኛ ይባላል፤ የካፒታል ጣሪያም አለው። ካደጋችሁ የእድገት ደረጃችሁ ይቀየራል። አንዳንዶች ሼዱንና ድጋፉን ላለማጣት ሠራተኛቸውንም ካፒታላቸውንም ቀንሰው ያስመዘግባሉ። ይህ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ተራ የሚጠብቀውን ወጣት ያስቀራል፣ ራሳችሁንም ባንክ ፊት ትንሽ አድርጎ ያቀርባችኋል። ባንክ የሚያየው ያስመዘገባችሁትን ነውና።

ከሼድ ስትወጡ መሬት ወይም ቤት ከሌላችሁ ባንክ ምን ያስይዛችኋል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ፣ ቁጥር 1147፣ ማሽንን፣ በመጋዘን ያለ ዕቃን፣ ገና ያልተሰበሰበ የደንበኛ ክፍያን ጭምር ለማስያዝ በር ከፍቷል። ከአንድ በላይ ባንክ ጠይቁ፤ አንዱ «ቤት ከሌለ አይሆንም» ቢላችሁ ሌላው ሊቀበል ይችላል። ሁሉም ግን ማሽኑ የእናንተ ለመሆኑ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ መሰርሰሪያ ጀምሮ የገዛችሁበትን ዋናውን ደረሰኝ፣ በማህበሩ ስም የተቆረጠውን፣ በአንድ ፋይል አኑሩ፤ ኮፒውን ደግሞ ከገንዘብ ያዡ ሌላ የሆነ አባል ቤቱ ያስቀምጥ።